የጀልባው ትርፍ ባትሪዎች

ባሌን ትቼው ልሄድ በወሰንኩበት ቀን ጠዋት ሁለት የመኪና ባትሪ ይዤ ከቤት ወጣሁ። ነገሩ ሲወራ ያስቃል፤ እኔም አሁን አሁን ሳወራው እስቃለሁ። የዚያን ዕለት ግን የሳቅ ወሬ አልነበረም። ደክሞኝ ነበር። ተኝቼ ብነሣ የማይለቀኝ፣ አጥንቴ ውስጥ የገባ ድካም ነበር።

አስቴር እባላለሁ። ሰበታ ላይ፣ ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ፣ እኔና ባሌ ግርማ አንዲት ጠባብ የመኪና ኤሌክትሪክ ቤት አለችን። ዲናሞና ሞተሪኖ የሚፈታው እሱ ነው። ባትሪ ቻርጅ የማደርገው እኔ ነኝ። በቀን የደንበኞችን ባትሪ እደረድራለሁ፣ ክዳናቸውን ከፍቼ ውሃቸውን አያለሁ፣ የጎደለውን እሞላለሁ፣ ሽቦ እሰካለሁ፣ እነቅላለሁ። አሲድ ያልበሳው ቀሚስ የለኝም። ሥራውን አልጠላሁትም፤ ከእሱ ሌላ የማውቀው ነገርም የለም።

ከጥቂት ክረምት በፊት ግርማ አንድ ሐሳብ መጣለት። በክረምት አዋሽ ሲሞላ ከተፍኪ ወዲያ ያለው ሜዳ በሙሉ ውሃ ይሆናል። ከፍታ ላይ የተሠሩት መንደሮች በየፊናቸው ውሃ መሐል ይቀራሉ፤ ወፍጮ ቤት ለመሄድ፣ ሐኪም ለማየት፣ ገበያ ለመውጣት መሻገር የግድ ነው። «ጀልባ እንሥራ አስቱ» አለኝ። ከላሜራ አስበየደ፤ አሮጌ ሞተር ከዝዋይ በኩል አፈላልጎ አመጣ። እስከዚህ ድረስ አብሬው ነበርኩ። ክረምት ላይ የመኪና ሥራ ይቀዘቅዛል፣ ጀልባዋም እንጀራ ሆነችን።

ነገር የተበላሸው ቴፑ ሲመጣ ነው። አንድ ቀን ሱቁ ውስጥ አምፕሊፋየርና ሁለት ትልልቅ ስፒከር ተዘርግተው አገኘሁ።

«ይሄ ለማን ነው?»

«ለጀልባዋ።»

«ጀልባ ላይ ሙዚቃ ምን ይሠራል? ሠርግ ነው የምታሻግረው?»

«ያለ ሙዚቃ አይሆንም» አለኝና ሽቦውን መላጥ ቀጠለ።

ጉራ መሰለኝ። ታክሲ ሹፌሮች መኪናቸውን እስኪያንቀጠቅጥ ዘፈን እንደሚከፍቱት፣ እሱም በጀልባው ሊታይ የፈለገ መሰለኝ። የጀልባዋ ሞተር በገመድ ተጎትቶ የሚነሣ ስለሆነ ባትሪ አያስፈልገውም። ስለዚህ በባትሪ የሚሠራው ያ ቴፕ ብቻ ነው። ቴፑ ደግሞ ሆዳም ነው። አንዱ ባትሪ ጀልባው ላይ ሲውል ሌላው ትርፍ ሆኖ እዚህ መሙላት አለበት፤ ማታ ይቀያየራሉ፤ ጠዋት እንደገና። የደንበኛ ሥራ ጨርሼ ወገቤን ላሳርፍ ስል የግርማ ባትሪ ይጠብቀኛል።

የሚያጫውተው ደግሞ አንድ ዘፈን ነው። ከበሮ የሚበዛበት የኦሮምኛ የሠርግ ዘፈን ነው፤ ሲያልቅ እንደገና ይጀምራል። የተፍኪ ሰው «የግርማ ዘፈን» ይለዋል። መንደሮቹ ያሉ ሰዎች ከሩቅ ሲሰሙት ጀልባ መጣ ብለው እህላቸውን ተሸክመው ወደ ዳር ይወርዳሉ። ለእነሱ ጥሩ ነበር። እኔ ዘፈኑን ስሰማ የሚሸተኝ አሲድ ብቻ ነው። ፍልሰታ ሲገባ ደስ ብሎኝ ዘፈኑ ያለበትን ፍላሽ ከእጁ ተቀብዬ የሳንቲም ቦርሳዬ ውስጥ ጨመርኩና መዝሙር ያለበትን ሰጠሁት። በእመቤታችን ጾም ዘፈን አይከፈትም። እሱም አልተከራከረኝም።

በጾሙ አጋማሽ ሰበታ ውስጥ የእኛ ሰፈር ትራንስፎርመር ተቃጠለ። መብራት የለም፣ ሥራ የለም፣ የደንበኛ ጭቅጭቅ ግን አለ። አንድ ማታ ግርማ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ ገባ። ያቀረብኩለትን ሽሮ በዝምታ በላና እንዲህ አለኝ፤

«ሁለቱም ባትሪ ሞቷል። ለነገ ያስፈልገኛል።»

«በምን ልሙላው? መብራት የለም እኮ።»

«ቡራዩ አለ አሉ። ኦቦ ገመቹ ጋ ውሰጃቸው። አንዱ ብቻ ሳይሆን ሁለቱም ይሙሉ፤ ትርፍ ከሌለኝ አልሄድም።»

ይህን ብሎ ተኛ። ደከመሽ ወይ አላለም። እንዴት ዋልሽ አላለም። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ሲያንኮራፋ ቁጭ ብዬ አየሁትና፣ በቃ፣ አበቃልኝ አልኩ። ያላለቀስኩት እንኳ ለማልቀስ ጉልበት ስላጣሁ ነው። ሱሉልታ ለምትኖረው እህቴ ለመሠረት ደወልኩላት።

«መሲ፣ ነገ ልምጣ?»

«ነይ። ለስንት ቀን ነው?»

«እንጃ። ላልመለስም እችላለሁ።»

«ክፍሉ ባዶ ነው፣ ነይ» አለችኝ።

ጠዋት ግርማ ቀድሞኝ ወጣ። እኔ ሁለት ቀሚስና አንድ ሹራብ በጀርባ ቦርሳ አጨቅኩ። ባትሪዎቹን በየማዳበሪያው ከረጢት አድርጌ በባጃጅ ወደ ታክሲ ተራ ሄድኩ። ሐሳቤ ቀላል ነበር። ባትሪዎቹን አስሞልቼ ተፍኪ ድረስ ወስጄ እጁ ላይ አስረክቤው፣ ከዚያ ወደ ሱሉልታ። ሥራ ጥላ ሄደች እንዲለኝ አልፈልግም ነበር።

ታክሲው ላይ ረዳቱ ከረጢቱን ነካ አድርጎ «እናት፣ ምንድነው?» አለኝ።

«ባትሪ።»

«መኪናውስ የታለ?»

«የጀልባ ነው።»

ታክሲው በሙሉ ሳቀ። አንዱ ከኋላ «ሰበታ ባሕር ገባላት እንዴ?» አለ። ረዳቱም «አሲዱ ሰው ላይ እንዳይፈስ ብቻ እቀፊው» ብሎ አንዱን ጭኔ ላይ አስቀመጠልኝ። ቡራዩ እስክንደርስ፣ ሁለት ታክሲ ቀይሬ፣ እግሬ ደንዝዞ ነበር።

ኦቦ ገመቹ ግርማን ሥራ ያስተማሩት ሽማግሌ ናቸው። ሱቃቸው በር ላይ ቆመው ሲያዩኝ ሮጠው መጡና ከረጢቱን ተቀበሉኝ።

«አካም ቡልቴ፣ ልጄ? ምነው በዚህ ዝናብ?»

«ደህና ነኝ፤ አንቱስ እንዴት አደሩ? ሰበታ መብራት ጠፍቶብን ነው። ለዛሬ ስለሚፈልጋቸው ቶሎ ቢሞሉልኝ።»

«ቶሎ ካልሽ ግማሽ ነው የሚሞላው።»

«ግማሽም ይሁን።»

ባትሪዎቹን ሰኩልኝና አንዲት አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጡኝ። እንቅልፍ ጣለኝ። ግድግዳ ተደግፌ፣ ቦርሳዬን ታቅፌ፣ የቻርጀሩን ጩኸት እየሰማሁ ተኛሁ። በኑሮዬ እንደዚያ የጣፈጠኝ እንቅልፍ የለም። ስነቃ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ኦቦ ገመቹ ሽቦውን እየነቀሉ ነበር።

«ኦቦ ገመቹ፣ አንዱን ብቻ ልውሰድ» አልኳቸው። «ሁለተኛው እዚሁ እየሞላ ይቆይ፤ ሲፈልግ እሱ ራሱ መጥቶ ይውሰደው። እኔ ወገቤ ተቆርጧል።»

ቦርሳዬን አዩት። «መንገደኛ ነሽ እንዴ?»

«እህቴ ጋ፣ ሱሉልታ።»

ምንም አልጠየቁኝም። ሽቦውን እየጠቀለሉ «ሁለት ባትሪ አምጥተሽ አንድ ይዘሽ ብትመለሺ ግርማ ምን ይለኛል? ያ ልጅ ትርፍ ከሌለው ይጨነቃል፤ ድሮም እንዲሁ ነው። እኔ እስከ ታክሲው እሸከምልሻለሁ» አሉኝ። በዚያ ዕድሜያቸው በዝናብ ሁለቱንም በየተራ አመላለሱ። እምቢ ማለት አፈርኩና ሁለቱንም ይዤ ወጣሁ።

ተፍኪ ስደርስ ዝናቡ አባርቷል። በምትኩ ጉም ወርዷል። እንዲህ ያለ ጉም አላየሁም፤ ባጃጁ መብራት አብርቶ በእግር እንደሚሄድ ሰው እያዘገመ ወሰደኝ። ጀልባ የሚነሣበት ዳር ላይ ግርማ የሠራት የቆርቆሮ ዳስ አለች። አጠገቧ ሰው ተሰብስቦ ቆሟል። ሁሉም ወደ ጉሙ ያያል። 

ከመሐል ኦቦ በዳዳን አወቅኳቸው። ማዶ ካሉት መንደሮች የአንዱ ሰው ናቸው፤ ነጭ ጋቢያቸው እስከ ጭናቸው ረጥቧል።

«ግርማስ?» አልኩ።

«ውሃው ላይ ነው ልጄ» አሉኝ። «ጠዋት ባጃጅ እንዳዘጋጅ እኔን አስቀድሞ አሻግሮ ባለቤቴን ሊያመጣ ተመለሰ። ታማለች፤ ሐኪም ቤት ልወስዳት ብዬ ስለምነው ነው ያለ ባትሪ የገባው። ቀትር ላይ መድረስ ነበረባቸው። በረዶው መጣ፣ ጉሙ መጣ፣ እነሱ አልመጡም። ሞተሩ ሲጮህ ከሩቅ ሰምተን ነበር። ከዚያ ጠፋ።»

ደወልኩለት። ስልኩ ጥሪ አይቀበልም አለኝ። ደገምኩት። እንደዚያው።

ውሃውን አየሁ ብላችሁ ውሸት ነው፤ ከእግሬ ሥር ያለው ሣር ትንሽ ገባ ብሎ ነጭ ነገር ውስጥ ይጠፋል። ያ ሜዳ በክረምት ዛፍ የለው፣ አጥር የለው፤ ሁሉም አቅጣጫ አንድ ነው። በሰሜን በኩል ግን ሜዳውን የሚያቋርጠው የአዋሽ ዋናው ወንዝ አለ። ሜዳ ላይ የተኛው ውሃ እስከ ወገብ ነው፤ ወንዙ ጋ ሲደርስ ግን ጎርፉ ጀልባ ይገለብጣል። ግርማ ሁልጊዜ በዚያ በኩል አልደርስም ይለኝ ነበር። ጠዋት ልተወው ወስኜ የወጣሁት ሰውዬ አሁን ቢሞትብኝስ ብዬ ፈራሁ። ሰው እንዲህ ነው። ትተውት ሊሄዱ የወሰኑት ሰው እንኳ እዚያው ባስቀመጡበት እንዲቆይ ይፈለጋል።

ዳሷ ውስጥ ገባሁ። አምፕሊፋየሩና ስፒከሮቹ ላስቲክ ለብሰው ተቀምጠዋል። ባትሪ ስለሌለው አውርዷቸው ነው የሄደው። ያን ጊዜ መላው መጣልኝ።

«ኦቦ በዳዳ፣ ድምጽ እናሰማው! ድምጹን ተከትሎ ይመጣል።»

ሰዎቹ ስፒከሮቹን ተሸክመው ውሃው ዳር አቆሙልኝ። አንዱን ባትሪ አገናኘሁ። ቴፑ በራ። ውስጡ ያለው ፍላሽ የጾሙ ነውና መዝሙር ጀመረ። ድምጹን እስከ ጥግ ከፈትኩት። ሁላችንም ጆሯችንን ወደ ጉሙ ሰጠን።

ትንሽ እንደቆየን ኦቦ በዳዳ እጃቸውን አነሡ።

«ልጄ፣ እስኪ ቀንሺው።»

ቀነስኩት። መዝሙሩ አልቆመም። ከማዶ፣ ከሰሜን በኩል፣ በለሆሳስ ይመጣል። ኮረብታው ላይ ያለችው የማርያም ቤተ ክርስቲያን ናት፤ በፍልሰታ ከሰዓት በኋላ ቅዳሴ አለ፣ ከቅዳሴው በፊትና በኋላ በድምጽ ማጉያ መዝሙር ይለቃሉ። በጉሙ ውስጥ የእኛና የእነሱ ድምጽ አንድ ዓይነት ነበር።

«ግርማ ከወዲህም ከወዲያም መዝሙር ሲሰማ የቱን ይከተላል?» አሉ ኦቦ በዳዳ። «ወደ ማርያም ከዞረ መሐሉ ላይ ወንዙ ነው ያለው። ያ ዋቃ፣ አምላኬ! እኛው ራሳችን ልናሳስተው ነው።»

ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ደውለን እንዳናስዘጋ ካህናቱ ለቅዳሴው ሊዘጋጁ መቅደስ ገብተዋል፣ በእግር እንዳንሄድ ውሃ ነው። የሁላችንም ፊት ተቀየረ። እኔ ግን እጄ የሳንቲም ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ፍላሹ እዚያው ነው፤ ጣቴ ያዘው።

«የግርማ ዘፈን አለኝ» አልኩ።

 ነጠላ ያጣፋች አንዲት ሴት «በእመቤታችን ጾም? እንዲህ ባለ ቀን? ዘፈን ከፍተን ነው የምንለምናት?» አለች። ክፉ ሴት አልነበረችም፤ እንባዋ እየወረደ ነው የተናገረችው። ሌላው ሰውዬ «መቅሠፍት ላይ መቅሠፍት እንዳንጨምር» አለ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እኔም ፈርቻለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ በፍልሰታ እንኳን ዘፈን ልከፍት አንጎራጉሬም አላውቅ።

ኦቦ በዳዳ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። የቤተ ክርስቲያኑ የሰበካ ሽማግሌ ናቸው፤ በሰፈሩ ጾም አክብሩ እያሉ ሰው የሚገሥጹት እሳቸው ናቸው።

«ክፈቺው» አሉኝ። «ለጾሙ የምጠየቀው እኔ ነኝ። ንስሐ አባቴ ዘንድ እኔ እገባለሁ። ክፈቺው ልጄ።»

ፍላሹን ቀየርኩ። ያ የሰለቸኝ ከበሮ ጉሙ ላይ ወጣ። ዘፋኙ ሙሽራዋን ይጠራል፣ ሴቶች እልል ይላሉ፣ ከበሮው ይመታል። ከፊት ለፊቱ የቆምነው ሰዎች ደግሞ በልባችን እንጸልያለን። ነጠላ ያጣፋችው ሴት ፊቷን ሸፍና ተንበርክካለች። እኔ እልልታ በሰማሁ ቁጥር «እመ ብርሃን፣ ይቅር በይን፣ አምጪልን» እላለሁ። ዘፈኑ አልቆ ጀመረ፤ አልቆ ጀመረ።

ማንም አልመጣም።

ባትሪ አውቃለሁ ብያችኋለሁ። ሊሞት ሲል ከሰው በፊት እሰማዋለሁ። ከበሮው መወፈር ጀመረ፣ የዘፋኙ ድምጽ ከጉሮሮው ወረደ፣ የአምፕሊፋየሩ መብራት ብልጭ ድርግም አለ። ግማሽ የተሞላ ባትሪ በዚያ ድምጽ ከዚያ በላይ አይሄድም። ቴፑ ጠፋ።

ወደ ትርፉ ባትሪ ሮጥኩ። ሱሉልታ ለመድረስ ስል ቡራዩ ጥዬው ልመጣ የነበረው እሱ ነው። መቆንጠጫውን ስነቅል እጄ ላይ የጉሙ እርጥበትና ላቤ ተቀላቅሎ ያዳልጠኛል። አንዱን ጫፍ አስገባሁ። ሁለተኛውን ላስገባ ስል ኦቦ በዳዳ ክንዴን ያዙኝ።

«ዝም! ስሚ!»

ከጉሙ ውስጥ፣ በጣም ከሩቅ፣ የሰው ድምጽ ነው። ቀጭን ሆኖ፣ ተቆራርጦ ይመጣል።

«አታጥፊው! አስቱ፣ አታጥፊው!»

መቆንጠጫውን ጨመርኩት። እንዴት እንደጮህኩ አላውቅም፤ እልል ነው ያልኩት ይላሉ፣ ከዘፈኑ ጋር። ነጠላዋ ሴትም ተነሥታ እልል አለች፤ ጾሙ ከዚያ ወዲያ ትዝ ያለው ሰው የለም። ሁለተኛው ባትሪ ያዘ። ዘፈኑ ሁለቴ ደርሶ ሦስተኛውን ሲጀምር፣ መጀመሪያ እንጨት ውሃ ሲመታ ሰማን፤ ከዚያ ጥቁር ነገር፤ ከዚያ ላሜራዋ።

ግርማ ከኋላ ቆሞ በረጅም እንጨት ይገፋል። ሞተሩ ውሃ ገብቶበት ሞቷል። የኦቦ በዳዳ ባለቤት ላስቲክ ተከናንበው ወለሉ ላይ ተኝተዋል፤ ልታስታምማቸው አብራ የመጣች አንዲት ወጣት ሴት ራሳቸውን ይዛለች። ሰዎቹ ውሃ ውስጥ ገብተው ጀልባዋን ጎተቱ። ኦቦ በዳዳ ባለቤታቸውን ታቅፈው ወደ ባጃጁ ሲሄዱ በኦሮምኛ የሚያወሩትን አልሰማሁም፤ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ግን አየሁ። ሴትዮዋ ሐኪም ቤት ደርሰው ድነዋል፤ ዛሬም አሉ።

ግርማ ከጀልባው እንደወረደ ጭቃው ላይ ቁጭ አለ። ከንፈሩ ነጭ ሆኗል። ጥርሱ ይንቀጫቀጫል። ሹራቤን ከቦርሳዬ አውጥቼ ትከሻው ላይ ጣልኩለት። አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«ወደ ማርያም ዞሬ ነበር» አለኝ፣ ፊት ለፊቱን እያየ። «ሞተሩ ሲጠፋ አቅጣጫው ጠፋኝ። መዝሙር ሰማሁ፤ ከሁለት በኩል። የቱ እንደሆናችሁ አላወቅኩም። ከማዶ ያለው አይቋረጥም ነበር፣ ያኛው ይሻላል ብዬ ዞርኩ። ውሃው ከሥሬ ሲፈጥን ይሰማኛል አስቱ። ወንዙ እየሳበኝ ነበር። ያኔ ዘፈኑ ተነሣ።»

«እንደሰማኸው አላወቅንም።»

«በፍልሰታ ያንን ዘፈን የሚከፍት ሰው የለም። ፍላሹ ያለው አንቺ ጋ ነው። አንቺ መጥተሽ እንደምትጠሪኝ አወቅኩ።»

 ቴፑ አሁንም ይጮኻል፤ ተነሥቼ ላጠፋው ስል እጄን ያዘኝ።

«ትንሽ ይቆይ» አለኝ። ቀጥሎ የተናገረውን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። «ውሃ እፈራለሁ። ዋና አልችልም። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እፈራለሁ። ዝም ሲል ከላሜራው ሥር ያለውን ውሃ እሰማዋለሁ፣ እጄ ይያዛል። ዘፈን ሲኖር አልሰማውም። ባትሪው ያልቅብኛል ብዬ ነው ትርፍ፣ ትርፍ የምልሽ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽ ትለቂኝ ነበር? የምንበላውስ?»

ተናደድኩ፤ አዘንኩም። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ። ስንት ክረምት ማታ ማታ እየረገምኩ የሞላሁት ባትሪ ይህን ሰውዬ ሲያሻግረው የኖረ ነው። እኔ ጉራ ብዬው ነበር። እሱ ደግሞ በየቀኑ እየፈራ እየገባ፣ ማታ ሽሮ በልቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ የሚያዞረው ለካ ደክሞት ነው። ሁለት የደከሙ ሰዎች አንድ አልጋ ላይ ጀርባ ተሰጣጥተን ነበር የምንተኛው።

ያኔ ቦርሳዬን አየው። ሹራቡ ከየት እንደወጣ ገባው መሰለኝ።

«ወዴት ልትሄጂ ነበር?»

«መሠረት ጋ። ልተውህ ነበር።»

አልጮኸም፣ አልተቆጣም። ሹራቡን ትከሻው ላይ ሰበሰበና «ደክሞሽ ነው» አለኝ።

ማታ ያላለቀስኩትን ያኔ አለቀስኩት። ያቺን ቃል ስንት ጊዜ ጠብቄያታለሁ! በጭቃ ላይ፣ በሰው ፊት፣ የሠርግ ዘፈን እየተዘፈነ ተንሰቅስቄ አለቀስኩ።

ሱሉልታስ ሄድሽ ወይ ትሉኛላችሁ? ሄድኩ፤ በማግስቱ፣ ግርማ ራሱ ታክሲ ውስጥ አሳፍሮኝ። ጾሙ እስኪፈታ እህቴ ቤት ተኛሁ። በቃ፣ ተኛሁ ነው የምላችሁ። ስነቃ መሠረት «በሕይወት አለሽ?» ትለኛለች፣ እበላለሁ፣ እተኛለሁ። ግርማ ማታ ማታ እየደወለ የባትሪ ክዳን ከፍቶ ውሃ ሲሞላ እጁን አሲድ እንዳቃጠለው ይነግረኛል። ደስ ይለኝ ነበር፤ አልዋሻችሁም።

ስመለስ በፍልሰታ ዘፈን የከፈትኩበትን የኦቦ በዳዳም ንስሐ አባት ለሆኑት ለንስሐ አባቴ ልነግራቸው ሄድኩ። ሰምተው ሲጨርሱ ፈገግ አሉ። «ያንን ኦቦ በዳዳ ቀድሞሽ መጥቶ በራሱ ላይ አድርጎታል። አንቺ ሂጂ፣ ባልሽን ጠብቂ» አሉኝ።

ይህን የምጽፍላችሁ ኑሯችን ተለወጠ ልላችሁ አይደለም። ዛሬም ይደክመኛል፤ አሲዱም ቀሚሴን ይበሳል። የተለወጠው ትንሽ ነገር ነው። ማታ ከመተኛታችን በፊት እሱ ደከመሽ ወይ ይለኛል፣ እኔ ፈራህ ወይ እለዋለሁ። ሁለታችንም እውነቱን እንናገራለን። እናንተም ቤታችሁ ውስጥ የሚያሰለቻችሁ ድምጽ ካለ፣ ልታጠፉት ከመነሣታችሁ በፊት ባለቤቱን ምን እየሸፈነበት እንደሆነ ጠይቁት። እኔ ሳልጠይቅ ስንት ክረምት አለፈኝ።

አሁን ሦስት ባትሪ አለን። አንዱ ጀልባዋ ላይ ነው፣ አንዱ ዳሷ ውስጥ፣ አንዱ ሱቅ ውስጥ ይሞላል። ጠዋት ግርማ ቡትስ ጫማውን ሲያጠልቅ እንደ ድሮው በሩ ላይ ቆሞ ይጠይቀኛል።

«ሞልቷል?»

«ሞልቷል» እለዋለሁ። «ትርፉም ሞልቷል።»

ከዚያ ወደ ውሃው ይወርዳል።